የጅቡቲ በርና የስለታችን ብረት

የጅቡቲ ሪፐብሊክን አርማ ልብ ብሎ ያየ ሰው አንድ ነገር ይታዘባል። በቅጠል በተከበበው ሥዕል መካከል ጦር ቆሟል፤ ከፊቱ ጋሻ አለ፤ ከጦሩ ግራና ቀኝም ሁለት እጆች ወደ ላይ ተዘርግተው እያንዳንዳቸው ትልቅ ስለት ጨብጠዋል። እጆቹ የአፋርንና የኢሳን ሕዝቦች እንደሚወክሉ ይነገራል። አገሪቱ በሰኔ 1969 ዓ.ም. ነፃነቷን ስታገኝ ለመታወቂያዋ ከመረጠቻቸው ነገሮች አንዱ ስለት መሆኑ አያስገርምም። ሙቀቱ በሚያቃጥልበት፣ ሠፈር ከሠፈር በሚራራቅበት በዚያ ምድር ለከብት ጠባቂና ለመንገደኛ ከውኃው ኮዳ ቀጥሎ የማይለየው ዕቃ በወገቡ ያለው ስለት ነው። ፍየል ያርድበታል፤ እሾህ ይመነጥርበታል፤ ገመድ ይቆርጥበታል፤ እንጨት ይፈልጥበታል። ስለቱ በመንገድ ላይ ቢሰበር የሚተካለት ሱቅ በአቅራቢያው የለም።

በዚችው አገር ዋና ከተማ ደግሞ ሰፋፊ መጋዘኖች የተሠሩበት ሥፍራ አለ፤ የጅቡቲ ነፃ የንግድ ቀጠና ይባላል። የመጀመሪያው ነፃ ቀጠና እ.ኤ.አ. በ2004 ሥራ ጀመረ። ትልቁ ዓለም አቀፍ ቀጠና ደግሞ በሰኔ መጨረሻ 2010 ዓ.ም. ተመረቀ፤ ለዚህ የታቀደው ቦታ 4,800 ሄክታር ሲሆን የመጀመሪያው ክፍል 240 ሄክታር ነው። ነፃ ቀጠና ማለት ዕቃ ቀረጥ ሳይከፈልበት ገብቶ የሚከማችበት፣ የሚለይበት፣ የሚታሸግበትና ወደ ሌላ አገር የሚላክበት ሥፍራ ማለት ነው። አብዛኛው የኢትዮጵያ የውጭ ንግድ በጅቡቲ በኩል የሚያልፍ በመሆኑ በየገበያችን የምናየው ከውጭ የመጣ ቢላዋ፣ ሞረድና የመጋዝ ምላጭ በአብዛኛው የዚህን በር ደፍ የረገጠ ነው።

እንግዲህ ቢላዋ ሊገዛ ወይም ሊያሠራ የሚፈልግ ሰው ሁልጊዜ የሚያነሣው ጥያቄ አለ፦ «የትኛው ብረት ይሻላል?» ይላል። ነጋዴው «የማይዝገው» ይለዋል፤ ቀጥቃጩ «የመኪና ባሌስትራ» ይለዋል፤ አዛውንቱ «የድሮ ጎራዴ ብረት የት ይገኛል!» ብለው ይቆጫሉ። ሦስቱም መልሶች ከየራሳቸው ዘመን የመጡ ናቸው። በዚህ አጭር ጽሑፍ መልሶቹ ከየት እንደመጡ፣ በምንስ ምክንያት እንደሚለያዩ ለመመልከት እንሞክራለን። ጉዳዩ የታሪክ መምህሩን፣ የኬሚስትሪ መምህሩንና የእጅ ሥራ መምህሩን በአንድነት የሚያገናኝ ስለሆነ ለክፍል ሥራ እንደሚያመች እናምናለን።

ብረትና ዐረብ ብረት

በቅድሚያ አንድ ነገር ግልጽ እናድርግ። ንጹሕ ብረት ለስላሳ ነው፤ ስለት ቢወጣለትም ወዲያው ይደንዛል። ብረትን ለስለት የሚያበቃው በውስጡ የሚገባው ጥቂት ካርቦን ነው። ካርቦኑ ከመቶ 0.2 ገደማ ብቻ ከሆነ ብረቱ ቢግልና ውኃ ውስጥ ቢነከርም እምብዛም አይጠነክርም፤ ሚስማር የዚህ ዓይነት ነው። ከመቶ 0.5 እስከ 1 ገደማ ሲደርስ ግን በማጋልና በመንከር ብርጭቆ እስከመጫር ድረስ ይጠነክራል። ከመቶ 2 ሲያልፍ ተሰባሪ ይሆንና ለድስት ወይም ለምድጃ እንጂ ለስለት አይሆንም። በአማርኛ ዐረብ ብረት የምንለው ይህን በመካከል ያለውን፣ ሊጠነክር የሚችለውን ብረት ነው።

ስሙን ልብ እንበል። ብረቱን አያቶቻችን በኬሚስትሪ ሳይሆን በመጣበት አቅጣጫ ነበር የሰየሙት። ቃሉ ራሱ ጥሩ የስለት ብረት ከባሕሩ ወገን የሚመጣ ነገር መሆኑን በውስጡ የያዘ ይመስላል። ይህንንም የሚያጠናክር እጅግ ጥንታዊ ማስረጃ አለ።

በ1ኛው መቶ ዓመት እ.ኤ.አ. አንድ ስሙ ያልታወቀ፣ በግሪክኛ የሚጽፍ የግብፅ ነጋዴ የቀይ ባሕርንና የሕንድ ውቅያኖስን ወደቦች የሚዘረዝር መምሪያ አዘጋጅቶ ነበር፤ የኤርትራ ባሕር ፔሪፕለስ በመባል ይታወቃል። ስለ አዱሊስ ሲናገር ወደቡ የሚያስገባቸውን ዕቃዎች ይቆጥራል። ለዝሆንና ለሌላ አውሬ አደን እንዲሁም ለጦርነት የሚውል ጦር የሚሠራበት ብረት ይገባ እንደነበር፣ ትንንሽ ምሣር፣ መጥረቢያና ጎራዴም ተሠርቶ ይመጣ እንደነበር ይገልጻል። ቀጥሎም ከሕንድ የሚመጣውን ሲዘረዝር ብረትንና ዐረብ ብረትን ለየብቻ ይጠቅሳል። የዛሬ ሁለት ሺሕ ዓመት ገደማ እንግዲህ በቀይ ባሕር ዳርቻ ያለ ገበያተኛ ሁለቱን ለይቶ ያውቅ ነበር፤ ለይቶ ያውቅ ስለነበርም ይመርጥ ነበር ማለት ነው።

ሕንዶቹ ይህን ብረት ያወጡ የነበረው ብረቱን ከዕፀዋት ቁራጭ ወይም ከከሰል ጋር በሸክላ ዕቃ ውስጥ ከድነው ለረዥም ጊዜ በማጋል ነው። ካርቦኑ ቀስ በቀስ ወደ ብረቱ ይገባል። የደማስቆ ጎራዴ እየተባለ ስሙ የተነሣው ስለት የተሠራው ከዚህ ዓይነት ብረት ነበር።

ቀጥቃጩና ዕውቀቱ

ከባሕር የሚመጣው ብረት ውድ ነበር። ደገኛው ገበሬ ማረሻውን፣ ማጭዱንና ምሣሩን የሚያገኘው በአገሩ ከወጣ ብረት ነበር። ቀጥቃጩ የብረት አፈርንና የእንጨት ከሰልን በጭቃ በተሠራ ምድጃ ውስጥ ያደራርብና በወናፍ እያናፋ ያግለዋል። ሙቀቱ ብረቱን እንደ ውኃ ለማቅለጥ አይበቃም፤ ብረቱ እንደ ስፖንጅ ሆኖ ከዝቃጩ ጋር ተደባልቆ ይወጣል። ከዚያም ደጋግሞ እያጋለ በመስፉ ላይ በመዶሻ በመቀጥቀጥ ዝቃጩን ያስወጣል። እንዲህ ያለው ብረት ካርቦኑ አንድ ወጥ አይደለም፤ አንዱ ጎኑ ለስላሳ፣ ሌላው ጎኑ ጠንካራ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ የትኛው ቁራጭ ለማረሻ፣ የትኛው ለካራ እንደሚሆን መለየት የቀጥቃጩ ዋና ጥበብ ነበር። ቁራጩን ሰብሮ የስብራቱን ቅንጣት ማየት፣ ሲመታ ድምፁን ማዳመጥ፣ ሲግል ቀለሙን መመልከት በዓለም ሁሉ የቀጥቃጮች ቤተ ሙከራ ነው።

ይህን ዕውቀት የያዙ ሰዎች ግን በአገራችን ክብር አላገኙም። በጎንደር አካባቢ ቤተ እስራኤላውያን፣ በሌላም ቦታ ሌሎች ወገኖች የብረት ሥራን ከአባት ወደ ልጅ ሲያስተላልፉ ኖሩ፤ ማረሻ የሚሠሩለት ሕዝብ ግን «ቡዳ»፣ «ቀጥቃጭ» እያለ ይሰድባቸው፣ ከጋብቻና ከርስትም ያርቃቸው ነበር። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን በሥራው መስደብን የሚከለክል ዐዋጅ አወጡ። የዐዋጁ መንፈስ ባለ እጅን የሚሳደብ ሰው አገር ዕውቀት እንዳታገኝ የሚከለክል ሰው ነው የሚል ነው። ዐዋጁ ጥሩ ነበር፤ ልማድ ግን በዐዋጅ ብቻ አይነቀልም።

ይህን የምንለው ከመጽሐፍ ብቻ ተነሥተን አይደለም። አንድ ጊዜ ስለ ካርቦንና ስለ ብረት ስናስተምር «ሞረድና ባሌስትራ ሁለቱም ዐረብ ብረት ከሆኑ ልዩነታቸው ምንድን ነው?» ብለን ጠየቅን። ከኋላ የተቀመጠ አንድ ልጅ «ሞረድ መሬት ላይ ቢወድቅ ይሰበራል፤ ባሌስትራ ግን ጎብጦ ይመለሳል» አለ። መልሱ ትክክል ነበር። ከመቀመጫዎቹ መካከል ግን «የቀጥቃጭ ልጅ!» የሚል ድምፅ ተሰማና ክፍሉ ሣቀ። ልጁ በዚያ ወሰነ ትምህርት ዳግመኛ እጁን አላወጣም። ወደዚህ ነገር በመጨረሻው እንመለሳለን።

ባቡሩ ያመጣው ስለት

ፈረንሳዮች ከኦቦክ ተነሥተው ጅቡቲን የመሠረቱት እ.ኤ.አ. በ1888 ነው። ከዚያ በፊት የደቡብና የሸዋ ንግድ በዘይላና በታጁራ በኩል በግመል ይጓዝ ነበር። ዐፄ ምኒልክ የምድር ባቡሩን ፈቃድ እ.ኤ.አ. በ1894 ለስዊሱ መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ ሰጡ፤ ሥራው ከጅቡቲ በ1897 ተጀመረ፤ ሐዲዱ በ1902 መጨረሻ ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ ደረሰ። ርዝመቱ 784 ኪሎ ሜትር ነበር።

በዚያ ዘመን ከባሕር ማዶ ከመጡት ዕቃዎች አንዱ የጎራዴ ስለት ነው። በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻና በ20ኛው መጀመሪያ ላይ የጀርመኗ የዞሊንገን ከተማ ለኢትዮጵያ ገበያ ስለት ትሠራ ነበር። ዛሬ በየቤተ መዘክሩና በየቤተሰቡ የሚገኙ ብዙ ጎራዴዎች የዞሊንገን ማኅተም፣ የይሁዳ አንበሳ ሥዕልና የግዕዝ ፊደል ያለበት ስለት አላቸው፤ እጀታቸው ግን ከአውራሪስ ቀንድ በአገር ባለ እጅ የተሠራ ነው። አዛውንቶች «የድሮ ጎራዴ ብረት» ብለው የሚያነሡት በአብዛኛው ይህን ከውጭ የመጣውን ስለት ነው። ከዚያ ስለት የተረፈው ቁራጭ በቀጥቃጭ እጅ ካራና ጩቤ መሆኑም የታወቀ ነው።

ዞሊንገንና የእንግሊዟ ሼፊልድ በምን በለጡ? ብረቱ አንድ ወጥ ስለነበረ ነው። በሼፊልድ ቤንጃሚን ሀንትስማን የተባለ ሰዓት ሠሪ በ1740ዎቹ እ.ኤ.አ. ዐረብ ብረትን በሸክላ ዕቃ ውስጥ ጨርሶ የማቅለጥን ዘዴ አግኝቶ ነበር። ብረቱ እንደ ውኃ ሲቀልጥ ካርቦኑ በሁሉም በኩል እኩል ይሆናል፤ ዝቃጩም ይንሳፈፋል። እ.ኤ.አ. በ1856 ደግሞ ሄንሪ ቤሰመር በቀለጠ ብረት ውስጥ አየር በመንፋት ዐረብ ብረትን በብዛትና በርካሽ የማውጣት ዘዴውን አስታወቀ። ከዚያ ወዲህ ዐረብ ብረት ከጎራዴ አልፎ ሐዲድና ድልድይ ሆነ። የደጋው ምድጃ በዋጋም በጥራትም ከዚህ ጋር መወዳደር አልቻለም፤ በዚህም የተነሣ የአገር ብረት ማውጣት ቀስ በቀስ ቀረ። ቀጥቃጩ ግን አልቀረም። ብረት አውጪ መሆኑን ትቶ ብረት መራጭ ሆነ።

ባሌስትራ

«ባሌስትራ» የሚለው ቃል ጣልያንኛ ነው። እንደ ኩሽኔታ፣ ካምቢዮና ፍሬን ሁሉ ከመኪናው ጋር የገባ ቃል ነው። በጣልያን ወረራ ዘመንና ከዚያ በኋላ ከባድ መኪና በየመንገዱ ሲበዛ የተሰበረ ባሌስትራም በዛ። ይህ ለቀጥቃጩ ታላቅ ጸጋ ነበር። ባሌስትራ ከመቶ 0.5 እስከ 0.6 ገደማ ካርቦን ያለው ሲሆን እንደ ዓይነቱ ጥቂት ክሮም ወይም ሲሊኮን ይጨመርበታል። የተሠራው የመኪናውን ሸክም ተሸክሞ ሺሕ ጊዜ ጎብጦ ሺሕ ጊዜ እንዲመለስ ነው። ስለዚህ ከእሱ የተሠራ ገጀራ ወይም ወፍራም ቢላዋ እንጨት ሲመታበት አይሰበርም፤ ስለቱም በቂ ጊዜ ይቆያል።

ይህን የደረሰበት የእኛ ቀጥቃጭ ብቻ አይደለም። በኔፓል ኩክሪ የሚባለውን ዝነኛ ቆልማማ ቢላዋ የሚሠሩ ቀጥቃጮችም ዋና ብረታቸው የመኪና ባሌስትራ ነው። ሁለቱ ሳይተዋወቁ አንድ ብረት መረጡ፤ ምክንያቱም ጥያቄያቸው አንድ ነበር። ሁለቱም የሚሠሩለት ሰው ቢላዋውን እንደ መጥረቢያ ጭምር የሚጠቀም፣ በወንዝ ድንጋይ የሚስል፣ ቢሰበርበት የሚተካበት የሌለው ሰው ነው።

ከጅቡቲ በጋላፊና በሚሌ አድርጎ ወደ አዋሽ የሚወጣው መንገድ ይህን ታሪክ ዛሬም ይደግመዋል። ከባድ መኪናው ከወደቡ ዕቃ ጭኖ ይወጣል፤ በመንገድ ባሌስትራው ይሰበራል፤ ያ ቁራጭ አዲስ አበባ ምናለሽ ተራ ይደርሳል፤ ከዚያም ከቀጥቃጩ ወናፍ ዘንድ ይሄዳል። መኪናው የጫነው ቢላዋ በሱቅ ሲሸጥ የመኪናው አጥንት ደግሞ በመስፍ ላይ ገጀራ ይሆናል።

እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ ያስፈልጋል። አሮጌ ባሌስትራ በሥራ ብዛት የተነሣ በዓይን የማይታይ ስንጥቅ ሊኖርበት ይችላል። ጥንቁቅ ቀጥቃጭ ከስብራቱ አጠገብ ያለውን ክፍል ይተወዋል፤ ከመቀጥቀጡም በፊት ጎንና ጎኑን ሞርዶ ያየዋል።

የማይዝገው ብረት

ሦስተኛው መልስ የነጋዴው ነው፦ «የማይዝገው»። ይህ ብረት በሼፊልድ እ.ኤ.አ. በ1913 ተገኘ። ዓመቱ ዐፄ ምኒልክ ያረፉበት፣ የምድር ባቡሩም ገና አዲስ አበባ ያልደረሰበት ነው። ሃሪ ብሬርሊ የተባለ ሰው በሙቀትና በባሩድ የማይበላ የጠመንጃ አፈሙዝ ብረት ሲፈልግ ከመቶ 13 ገደማ ክሮም የገባበት ብረት በአሲድ እንደማይበላ ተመለከተ። ክሮሙ ከአየሩ ኦክሲጅን ጋር ተዋህዶ በዓይን የማይታይ ስስ ልባስ ያበጃል፤ ልባሱ ቢጫር እንደገና ራሱን ይሠራል። የሼፊልድ ቢላዋ ሠሪዎች ግን በመጀመሪያ «የማይቆርጥ ቢላዋ ፈጣሪ» እያሉ ቀለዱበት፤ ምክንያቱም አዲሱን ብረት በለመዱት ሙቀት ስላጋሉት በደንብ አልጠነከረላቸውም ነበር። ክሮም የበዛበት ብረት ከተራው ዐረብ ብረት በበለጠ ሙቀት መጋል አለበት። ብረቱ ተለውጦ አሠራሩ ሳይለወጥ ቀረ፤ ጥፋቱም በብረቱ ላይ ተላከከ።

የማይዝግ ብረት ጥቅሙ በጉልህ የሚታየው በባሕር ዳር ነው። በአዲስ አበባ ደረቅ የበጋ አየር ተራ ካራ ጥቂት ቅባት ከተቀባ ወራት ይቆያል። በጅቡቲ ግን ባሕሩ ቅርብ፣ አየሩ እርጥብና ጨዋማ በመሆኑ ያው ካራ ሳይውል ሳያድር ይዝጋል። ከባሕር ወለል 155 ሜትር ዝቅ ብሎ የሚገኘው የአሳል ሐይቅ ውኃ ከውቅያኖስ በዐሥር እጥፍ ገደማ ጨው የበዛበት ነው። ጨው የማይዝግ የሚባለውን ብረት እንኳ ይፈትነዋል፤ በጨው ውስጥ ያለው ክሎራይድ የክሮሙን ልባስ እየበሳ ትንንሽ ጉድጓዶች ያወጣበታል። ስለዚህ «የማይዝግ» የሚለው ስም በጥሬው መወሰድ የለበትም፤ «ቶሎ የማይዝግ» ማለት ነው።

ተማሪዎች ዘወትር የሚሳሳቱበት ሌላም ነገር አለ። የማንኪያና የድስት የማይዝግ ብረትና የቢላዋ የማይዝግ ብረት አንድ አይደሉም። ለማንኪያ የሚውለው ከመቶ 18 ክሮምና 8 ኒኬል ያለው ብረት በማጋልና በመንከር አይጠነክርም፤ ብዙውን ጊዜ ማግኔትም አይስበውም። የቢላዋው ግን ይጠነክራል፤ ማግኔትም ይስበዋል። «ማግኔት ከሳበው የማይዝግ አይደለም» የሚለው የገበያ ወሬ ለቢላዋ አይሠራም።

ታዲያ የትኛው ይመረጥ?

የስለት ብረት ሦስት ነገር ይጠየቃል። አንደኛው ጥንካሬ ነው፤ ቶሎ አለመደንዘዝ ማለት ነው። ሁለተኛው ጽናት ነው፤ ሲመታና ሲጣመም አለመሰበርና አለመሸረፍ ማለት ነው። ሦስተኛው ዝገትን መቋቋም ነው። ችግሩ አንዱ ሲጨምር ብዙውን ጊዜ ሌላው መቀነሱ ነው። ካርቦን ሲበዛ ጥንካሬ ይጨምራል፤ ጽናት ግን ይቀንሳል። ሞረድና ባሌስትራ የሚለያዩት በዚህ ነው፤ ያ ልጅ የተናገረውም ይህንኑ ነበር።

በአሜሪካውያን አቆጣጠር የተራ ዐረብ ብረት ስም አራት አኃዝ አለው፤ የመጨረሻዎቹ ሁለት አኃዞች የካርቦኑን መጠን ይናገራሉ። 1095 የሚባለው ከመቶ 0.95 ገደማ፣ 5160 የሚባለው የባሌስትራ ብረት ከመቶ 0.60 ገደማ ካርቦን አለው። የአሜሪካ አየር ኃይል አብራሪዎች ከአውሮፕላን ዘለው በምድረ በዳ ቢወድቁ ነፍሳቸውን እንዲያቆዩበት የተሰጣቸው ቢላዋ ለብዙ ዘመን ከ1095 ብረት ነበር የሚሠራው። በድንጋይ በቀላሉ ይሳላልና ነው። ሌሎች ብረቶች የራሳቸው ስም አላቸው። 440 ሲ የሚባለው ከመቶ 1 ገደማ ካርቦንና 17 ገደማ ክሮም፣ ዲ 2 የሚባለው ከመቶ 1.5 ካርቦንና 12 ገደማ ክሮም አላቸው፤ ስለታቸው ረዥም ጊዜ ይቆያል፤ በጎን ሲመቱ ግን ከባሌስትራ ይልቅ ይሸረፋሉ። በዘመናችን ከብረት ዱቄት የሚጋገሩና ቫናድየም የበዛባቸው ውድ ብረቶችም አሉ፤ እነዚህ አንዴ ከደነዙ ተራ የመሳያ ድንጋይ እምብዛም አይበግራቸውም፤ በአልማዝ ዱቄት የተለበጠ መሳያ ይፈልጋሉ። ለከተማ ሰው ጥሩ ናቸው፤ በበረሓ መሳያ ለሌለው ሰው ግን ሸክም ይሆናሉ።

እንግዲህ ምርጫው ይህን ይመስላል። እንጨት ለሚፈልጥና ለሚመነጥር ወፍራም ስለት ካርቦኑ ከመቶ 0.6 ገደማ የሆነ የባሌስትራ ብረት፤ በደረቅ አገር ሁሉን ለሚሠራ ቢላዋ ከመቶ 0.75 እስከ 0.95 ካርቦን ያለው ተራ ዐረብ ብረት፣ ሁልጊዜ ደርቆና ተቀብቶ ወደ ሰገባው የሚመለስ ከሆነ፤ ለባሕር ዳር፣ ለዓሣና ለወጥ ቤት ከመቶ 13 ወይም 14 ክሮምና ከ0.4 እስከ 0.6 ገደማ ካርቦን ያለው የማይዝግ ብረት። ለመንገደኛ ከሰንጢ ይልቅ የማይታጠፍ ቢላዋ ይሻለዋል፤ ብረቱ በእጀታው ውስጥ እስከ ጫፉ የዘለቀ ከሆነ ደግሞ ይበልጥ ያስተማምናል፤ ምክንያቱም ቢላዋ ብዙ ጊዜ የሚሰበረው ስለቱና እጀታው በሚገናኙበት ላይ ነው።

ከሁሉም በላይ ግን ማጋሉና ማለዘቡ ይበልጣል። ጥሩ ብረት በመጥፎ እጅ ይበላሻል፤ መካከለኛ ብረት በጥሩ እጅ ይከብራል። የሼፊልዶቹ ቀልድ ያስተማረው ይህንኑ ነው።

ለክፍል የሚሆን ሙከራ

ይህን ሁሉ በአንድ ክፍለ ጊዜ ማሳየት ይቻላል። የሚያስፈልገው ሦስት የልብስ መርፌ፣ አንድ ቀጭን ሚስማር፣ የአልኮል መብራት ወይም የከሰል ምድጃ፣ አንድ ብርጭቆ ውኃ፣ ፒንሳና የዓይን መከላከያ መነጽር ነው። የመጀመሪያውን መርፌ እስኪቀላ አግሎ ቀስ ብሎ እንዲቀዘቅዝ መተው፤ ሲጎብጥ እንደ ሽቦ ይታጠፋል። ሁለተኛውን እስኪቀላ አግሎ ወዲያው ውኃ ውስጥ መንከር፤ ሊያጎብጡት ሲሞክሩ ጠቅ ብሎ ይሰበራል። ስባሪው ዓይን እንዳይወጋ በጨርቅ ሸፍኖ መስበር ይገባል። ሦስተኛውንም እንዲሁ አግሎ መንከር፤ ከዚያ በአሸዋ ወረቀት አጥርቶ ከነበልባሉ ከፍ አድርጎ ቀስ በቀስ ማሞቅ። ተማሪዎቹ ቀለሙ ሲለወጥ ያያሉ፤ በ220 ዲግሪ ገደማ የገለባ ቢጫ፣ ቀጥሎ ቡናማ፣ ቀጥሎ ወይን ጠጅ፣ በ300 ገደማ ሰማያዊ ይሆናል። በሰማያዊው ላይ ያቆሙት መርፌ ጎብጦ ይመለሳል፤ ባሌስትራ ሆነ ማለት ነው። ለቢላዋ ስለት ከገለባው ቢጫ እስከ ቡናማው ባለው ላይ ይቆማል። ሚስማሩ ደግሞ ቢነከርም ባይነከርም ይታጠፋል፤ ካርቦኑ ጥቂት ነውና።

መምህሩ ይህን ሙከራ ሲያደርግ በከተማው ያለውን ቀጥቃጭ ወደ ክፍል ቢጋብዝ ወይም ተማሪዎቹን ወደ ወናፉ ቢወስድ ከመጽሐፍ የሚበልጥ ትምህርት ያገኛሉ። ቀጥቃጩ «ማርቴንሳይት» የሚለውን ቃል ላያውቅ ይችላል፤ የገለባውን ቢጫ ግን ከመምህሩ ይልቅ ያውቀዋል። መምህሩ የቀለሙን ምክንያት፣ ቀጥቃጩ የቀለሙን ልክ ቢነግሯቸው ተማሪዎቹ ሙሉ ዕውቀት ይዘው ይወጣሉ።

በነፃ ቀጠናው የሚያልፈው ቢላዋ ወደፊትም ይበዛ ይሆናል፤ ዋጋውም ይረክስ ይሆናል። ርካሽ ቢላዋ ለደኻ ቤት ጥሩ ነገር ነውና አንጠላውም። የምንፈራው ከሁለት ሺሕ ዓመት በፊት በአዱሊስ ገበያ ብረትን ከዐረብ ብረት ለይቶ ያውቅ የነበረ ሕዝብ ልጆች ሣጥኑ ላይ የተጻፈውን ከማንበብ በቀር መምረጫ እንዳያጡ ነው። ዕውቀቱ ገና በመካከላችን አለ። ከኋላ ወንበር የተቀመጠ ልጅ ዘንድ ሊሆን ይችላል። የእኛ የመምህራን ሥራ ያ ልጅ እጁን ሲያወጣ ክፍሉን ጸጥ ማሰኘት፣ መልሱንም በሰሌዳው ላይ መጻፍ ነው።